ሆንዳ ሻዶው ኤሮ 750ን ለዓመታት መያዝና አሞርዛተሩን ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ሞተር ከያዝኩ 13 ዓመት አለፈኝ። የ2007 ሞዴል ሆንዳ ሻዶው ኤሮ 750 ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቡና ላይ የማገኘው አበሻ ሁሉ ስለ ሞተሩ ይጠይቀኛል፤ ጥያቄዎቹ ደግሞ ከዓመት ዓመት ያው ናቸው። እዚህ ሰብስቤ መለስኳቸው። ግማሹ ስለ አሞርዛተር፣ ማለትም የመንገዱን ምት ስለሚያለዝበው ዕቃ ነው፤ ገንዘቤን በከንቱ ያቃጠልኩትም እዚያው ላይ ነው። እንዳይምታታ፣ ከዚህ በታች ሞተር ስል ሞተር ሳይክሉን፣ ኢንጂን ስል ደግሞ ልቡን ነው።

ሻዶው ኤሮ ምን ዓይነት ሞተር ነው?

መካከለኛ ክሩዘር ነው፤ ዝቅ ብለው፣ እግር ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት ዓይነት። አሁን በምናውቀው መልኩ የወጣው በ2004 ሞዴል ነው። ኢንጂኑ 745 ሲሲ፣ በቪ ቅርጽ የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሦስት ቫልቭና ሁለት ካንዴላ አለው። ማርሹ አምስት ነው። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ካቴና ሳይሆን ሻፍት ነው፤ ካቴና መወጠርና መቀባት የሚባል ነገር የለም። የፊት ፍሬኑ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው። ነዳጅ ሞልቶ 250 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወንበሩ ከመሬት 66 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አጭር ሰው እንኳን ሁለት እግሩን ዘርግቶ መሬት ይረግጣል።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልጉን ቁጥሮች ግን ሌሎች ናቸው። የፊቱ ፎርክ (የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ የያዙት፣ ሞላና ዘይት ያለባቸው ሁለት ቱቦዎች) ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው 117 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላው ጎማ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የአንድ መዳፍ ስፋት ማለት ነው። ያ ዝቅ ያለ ወንበር በነጻ አልመጣም። የተከፈለበት ከዚህ ላይ ነው።

ለብዙ ዓመት ሲያዝ ምኑ ይበላሻል?

ኢንጂኑ ራሱ እምብዛም አያስቸግርም። ቫልቮቹ በብሎንና በዳዶ ስለሚስተካከሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ዘይቱን እኔ በየ4,000 ማይሉ እቀይራለሁ፤ ማኑዋሉ ከዚህ በላይ ይታገሣል፣ እኔ አልታገሥም። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ።

ሰው የሚረሳት አንዲት ቦታ አለች። የኋላው ቸርኬ ከሻፍቱ ማርሽ ጋር የሚገጥምበት ጥርስ። የኋላ ጎማ በተቀየረ ቁጥር እሷን ማጽዳትና ሞሊብዲነም ያለበት ወፍራም ግራሶ መቀባት ያስፈልጋል። ጎማ ቀያሪው ይህን አያደርግላችሁም፤ ካልነገራችሁት ሊያያትም አይችልም። ቸርኬው ሲወጣ ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካያችሁ ጥርሱ ደርቆ እየተበላ ነው። ግራሶው ጥቂት ብር ነው። ጥርሱ ካለቀ ግን ቸርኬ ፍለጋ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ዘንድ መሄድ ነው።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ባትሪው በተደጋጋሚ ከሞተባችሁ አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጁን ለኩ። ኢንጂኑ በደንብ ሲሽከረከር ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማየት አለባችሁ። ከዚያ በታች ከሆነ ወይ ጀነሬተሩ ወይ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ሶኬት ሞቆ ቀልጦ ይገኛል።

ሦስተኛው ካርቡራተር ነው። እንደኔው ያሉት አሮጌዎቹ ካርቡራተር አላቸው፤ ኋላ የመጡት በኢንጀክሽን ናቸው። ክረምቱን ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ውስጡ ካደረ ትንሿ ቀዳዳ ትደፈናለች፣ መጋቢት ላይ ሞተሩ ይነሳና ይጠፋል። ከማስተኛታችሁ በፊት ማረጋጊያ ፈሳሽ ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ አስነሡት፣ ከዚያ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ቤንዚን አፍስሱት።

ቸርኬው ባለ ሽቦ ስለሆነ ጎማው ከመነዳሪ አለው። ሚስማር ሲወጋ መኪና ላይ እንደምናደርገው ከውጭ ደፍኖ መሄድ አይቻልም፤ አየሩም ባንዴ ነው የሚወጣው። የጎማውን ዕድሜም እዩ። ጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት ቁጥር ጽሑፍ ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራል፤ 2318 ከሆነ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና ቢሆንም የደረቀ ጎማ ዝናብ ላይ ሰው ይጥላል።

ጉድጓድ ስመታ ወገቤን ይለኛል። ወንበር ልቀይር ወይስ አሞርዛተር?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እጠየቃለሁ። መልሱ የሚጀምረው ከአቀማመጣችሁ ነው።

ቀጥ ብሎ የሚቀመጡበት ሞተር ላይ እግር ከወገብ በታች ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ትንሽ ብድግ ብሎ ድንጋጤውን በጉልበት መቀበል ይቻላል። ክሩዘር ላይ እግር ወደ ፊት ነው የሚዘረጋው። ብድግ ልበል ብትሉ በመሪው መሳብ ነው ያላችሁ። ስለዚህ ክብደታችሁ በሙሉ ያረፈው የጀርባ አጥንታችሁ ጫፍ ላይ ነው፤ አሞርዛተሩ ያላስቀረው ምት ቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። አጭር እንቅስቃሴ ያለው ሞተር ላይ፣ ሸሽቶ ማምለጥ በማይቻልበት አቀማመጥ ተቀምጠናል ማለት ነው።

ወንበር የሚረዳው ለረጅም መንገድ ድካም ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መቀመጫችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ወንበር ቀይሩ። የሚያሳምማችሁ ግን እያንዳንዱ ምት ከሆነ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ጉድጓድ በወጣችሁ ቁጥር "እህ!" የምትሉ ከሆነ፣ ወንበሩ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ማስታገሻ ነው።

ምንም ሳልገዛ የማስተካክለው ነገር አለ?

አለ። እኔ ቀድሜ ባደርገው ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር።

መጀመሪያ የጎማ አየር፣ ጠዋት ሳይሞቅ፣ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እሱን መሙላት ከድንጋይ ላይ እንደ መቀመጥ ነው።

ቀጥሎ የኋላዎቹ አሞርዛተሮች። እያንዳንዳቸው ሥር አምስት ደረጃ ያለው ቀለበት አለ፤ በዕቃ ከረጢቱ ውስጥ ባለው የመንጠቆ ቁልፍ ይዞራል። ፕሪሎድ ይባላል። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። ያገለገለ ሞተር ገዝተው ለዓመታት አንዱ ሁለተኛ፣ አንዱ አራተኛ ላይ ሆኖ የነዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ብዙ ሰው ቀለበቱን ወደ ላይ ማዞር ሞላውን የሚያደነድን ይመስለዋል። አያደነድንም። ሞላው ያው ሞላ ነው፤ የምትቀይሩት ሞተሩ በናንተ ክብደት ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚቀመጥ ነው። ያን ዝቅታ ነጂዎች ሳግ ይሉታል።

ሳግ እንዴት ይለካል?

ሜትርና ሁለት ጓደኛ ያስፈልጋል። አንዱ ሞተሩን ይይዛል፣ አንዱ ይለካል፣ እናንተ ትቀመጣላችሁ።

የኋላውን ጎማ በክሪክ ከመሬት አንሡት፤ ተንጠልጥሎ ይውረድ። ከጎማው መሃል ብሎን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ መከላከያው ላይ አንድ ምልክት ድረስ ለኩና ጻፉ። ከዚያ አውርዱት። የዘወትር ጃኬታችሁንና ሄልሜታችሁን ለብሳችሁ፣ እግራችሁን ማሳረፊያው ላይ አድርጋችሁ ተቀመጡ። እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ሳግ ነው።

ለዚህ ሞተር ከኋላ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ከፊት ከ30 እስከ 40። ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ማለት ነው።

ቁጥሩ የሚናገረውን እንስማ። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ አሁንም 40 ካሳየ ሞላው ለክብደታችሁ ለስላሳ ነው። ጉድጓዱ ሳይመጣ ከ90ዋ ግማሽ ያህሉን በልታችኋል፤ የቀረው ሲያልቅ ብረት ከብረት ይጋጫል። ወገባችሁን የሚመታው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ነጂው "አሞርዛተሩ ደረቅ ነው" ይላል፤ ጉዳዩ ግን ልስላሴው ነው። ለስላሳ ሞላ ቶሎ ወለል ይነካል፣ ወለል ሲነካ ድንጋይ ይሆናል። እኔ 96 ኪሎ ነኝ፤ ፋብሪካው ሲሠራው እኔን እንዳላሰበኝ ሜትሩ ነገረኝ።

ከፊቱ ልጀምር ወይስ ከኋላው?

ከፊቱ። ሁሉም ሰው ከኋላ ይጀምራል፤ እኔም እንደዚያው። ከኋላ የሚያምሩ ክሮም አሞርዛተሮች አሉ፣ ይታያሉ። የፊቱ ሞላ ግን ቱቦ ውስጥ ነው፤ ተቀይሮም ማንም አያየውም።

የመጀመሪያዎቹን ውድ የኋላ አሞርዛተሮች የገዛሁበት ሱቅ ክብደቴን እንኳን አልጠየቀኝም። ገጥሜ ስወጣ ኋላው ደነደነ፣ ፊቱ ግን ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አፍንጫውን ይደፋል። እንዲያውም ባሰ፤ ኋላው ቀና ሲል ፊቱ ይበልጥ ተጫነ። ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የቨርጂኒያ የተራራ መንገድ ላይ፣ 105 ማይል ርዝመቱን በሰዓት 35 ማይል ፍጥነት እያዘገምኩ፣ በእያንዳንዱ ቁልቁለት መዞሪያ ላይ እረግመው ነበር።

የፊቱ ችግር ከአሠራሩ ነው። ፎርኩ ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይቱ የሚያልፈው በተወሰኑ ቀዳዳዎች ነው፣ ቀዳዳዎቹ አይሰፉም አይጠቡም። ፎርኩ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ለምሳሌ ፍሬን ስትይዙ፣ ዘይቱ ሹልክ ብሎ ያልፋል፤ አፍንጫው ይደፋል። ስለታም ጉድጓድ ሲመታው ግን ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ ለማለፍ ጊዜ ያጥረዋል፤ ፎርኩ ለቅጽበት እንደ ዘንግ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ለስላሳም ደረቅም የሆነ ፎርክ አለን፤ ሁለቱንም በማይሆን ሰዓት።

ለክብደታችሁ የሚሆን ሞላና ትኩስ ዘይት ግማሹን ችግር ይፈታል። ሁለቱም ሞላዎች ከ100 እስከ 150 ዶላር ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው እኩል ጥንካሬ ያለውን ሞላ እመርጣለሁ። እየተጫነ ሲሄድ የሚጠነክረው ዓይነትም ብዙ ወዳጅ አለው፤ ለትንንሽ ምቶች ይመቻል፣ ግን መጀመሪያ ላይ ስለሚለሰልስ አፍንጫ መድፋቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ሌላውን ግማሽ የሚፈታው ሬስ ቴክ እና ሌሎች የሚሠሩት ኢሙሌተር የሚባል ቫልቭ ነው። ከሞላው ሥር ይቀመጣል፤ ቀስ ባለ እንቅስቃሴ ዘይቱን ይይዘዋል፣ በድንገተኛ ምት ጊዜ ተከፍቶ ያሳልፈዋል። ለመግጠም ፎርኩን ሙሉ በሙሉ መፍታትና የውስጡን ቀዳዳዎች በመሠርሠሪያ ማስፋት ያስፈልጋል። እኔ ሞላውን ቀይሬ አንድ ዓመት ነዳሁ፣ ከዚያ ነው ያስገባሁት። ልዩነቱ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ ድልድዮች መጋጠሚያ ላይ ነው የታወቀኝ። ድሮ ጥርሴን ያንቀጫቅጨኝ የነበረው መጋጠሚያ አሁን ድምፁ ብቻ ይሰማኛል።

የፊቱን ሞላ ራሴ መቀየር እችላለሁ?

የዘይት ቅየራ ቤታችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ አዎ። ጥንቃቄ የሚፈልጉት ጥቂት ነገሮች ናቸው። የፎርኩን የላይ ክዳን ፎርኩ ገና ሞተሩ ላይ እንዳለ ቀድማችሁ አላሉት፤ ከወጣ በኋላ የሚይዝላችሁ ነገር የለም። ክዳኑ ሥር የታመቀ ሞላ አለ፣ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ። የዘይቱን ከፍታ የምትለኩት ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ተጭኖ፣ ከቱቦው አፍ ወደ ታች ነው። በሊትር ብቻ ከተማመናችሁ አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ ግራና ቀኙ ይለያያሉ።

አዲሱ ሞላ ከአሮጌው ካጠረ በላዩ የሚገባ የፕላስቲክ ቱቦ ትቆርጣላችሁ፤ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ወፍራሙ ፒቪሲ ይሆናል፣ በላይና በታች ሮንዴላውን አስገቡ። ሲቆረጥ ጫፉ ቀጥ ይበል። ፎርኩ ከተፈታ አይቀር ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ፣ ፓራሊዮውንም ቀይሩ። የመሪውን ኩሽኔታም ፈትሹ፤ መሪውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ መሃል ላይ ቀጭ የሚል ነገር ካለ ተበልቷል፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ሞላ አያድነውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የፎርክ ዘይት ላይ የሚጻፈው 10 ወይም 15 ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የአንዱ 10 የሌላው 15 ሊሆን ይችላል። አንድ ብራንድ ይዛችሁ ቆዩ።

የትኛውን የኋላ አሞርዛተር ልግዛ?

ኪስ ነው የሚወስነው። ከ150 ዶላር በታች የሚሸጡት ጥንድ በአብዛኛው አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ችግር ናቸው። ከ300 እስከ 500 ዶላር ባለው ውስጥ የአሜሪካው ፕሮግረሲቭ ሳስፔንሽን እና የእንግሊዙ ሃገን አሉ። ሃገን ሲታዘዝ ክብደታችሁን፣ ሰው ትጭኑ እንደሆነ፣ ሻንጣ እንዳላችሁ ጠይቆ ነው የሚሠራው፤ ለእኔ ከብራንዱ ይልቅ ይህ ጥያቄ ነው ዋጋ ያለው። የስዊድኑ ኦሊንስ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ከዚህ ሞተር የገበያ ዋጋ አንጻር ለአህያ የወርቅ ኮርቻ እንዳይሆን።

ከማዘዛችሁ በፊት የራሳችሁን አሞርዛተር ከላይኛው ብሎን መሃል እስከ ታችኛው ብሎን መሃል ለኩ። ከዚያ ርዝመት አትውጡ።

ይበልጥ ዝቅ ላድርገው? ያምራል እኮ!

ያምራል። ከ90 ሚሊ ሜትር ላይ 25 ስትቀንሱ ግን የቀረችውን አስቡ። ማዞሪያ ላይ የእግር ማሳረፊያው አስፋልት ይቧጭራል፣ መሪው ይከብዳል። እግራችሁ መሬት አልደርስ ብሎ ከሆነ ወንበሩን ማስቀነስ ይሻላል። ይህ ሞተር ላይ ግን እግር የማይደርሰው አዋቂ ብዙ አላየሁም።

ባለቤቴን ከኋላ ስጭን ይከብዳል። ምን ላድርግ?

ቀለበቱን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጉ፤ ለብቻችሁ ስትነዱ መልሱት። መመለሱን ነው ሁሉም የሚረሳው። የኋላውን ጎማ አየርም መለጠፊያው ላይ ለሁለት ሰው የተጻፈውን ያህል ሙሉ። እሷንም ጠይቋት። እኔ አሞርዛተሩ ተስተካክሏል ብዬ ስኩራራ የኔዋ "አንተ ላይ ይሆናል እንጂ እኔ ላይ አይደለም" አለችኝ። ልክ ነበረች፤ የኋላ ተሳፋሪ የምትቀመጠው ከጎማው በላይ ነው፣ ምቱ መጀመሪያ የሚደርሰው እሷ ጋ ነው።

ይህን ሁሉ ከማወጣ ሸጬ 1,100 ወይም 1,300 ሲሲ ብገዛስ?

በሰዓት 75 ማይል ላይ ጉልበት አነሰኝ ካላችሁ ግዙ፤ 750ውን አሞርዛተር ፈጣን አያደርገውም። ምክንያቱ ምቾት ከሆነ ግን ቆም በሉ። ትልልቆቹም ክሩዘሮች ወንበራቸው ዝቅ ያለ፣ እንቅስቃሴያቸው አጭር ነው። ያንኑ ችግር በ300 ኪሎ ላይ ትገዙታላችሁ።

ጡረታ ስወጣ ወደ ኢትዮጵያ ይዤው ብሄድስ?

ፍቅሩ ይገባኛል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 2011 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በፈቃድ ብቻ ሆኗል። አገሪቱም ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ እየከለከለች ወደ ኤሌክትሪክ ፊቷን አዙራለች። ኮንቴይነር ከመከራየታችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። ተፈቅዶ ቢገባ እንኳን በእነዚያ 90 ሚሊ ሜትሮች የኮብልስቶን መንገድ ላይ መውጣት ነው።

ያወጣኋቸውን አሮጌ አሞርዛተሮች ልጣላቸው?

አትጣሉ። ዘይት ካላንጠባጠቡ ጠርጋችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ፤ የፊቱን ሞላዎችም "ፊት፣ ፋብሪካ" ብላችሁ ጻፉባቸው። ሞተሩን ስትሸጡት፣ ከመሸጫው ቀን በፊት አዲሶቹን አውጥታችሁ አሮጌዎቹን መመለስ ትፈልጉ ይሆናል። ገዢው 60 ኪሎ የሆነች ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ለእሷ ደግሞ የፋብሪካው ሞላ ልክ ነው።